ለእንግዳ የሚሆን ሥራ

ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁባት፣ ብየዳም የተማርኩባት ከተማ ናት። አሁን ሥራዬ የታመቀ አየር የሚይዙ የብረት ታንከሮችን መፈተሽ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ፋብሪካ አላት፣ ብረት አላት፣ የሚፈተሽ ነገር ሞልቷታል። እዚያው ቁጭ ብዬ እንጀራዬን ብበላ ማን ይጠላል? ችግሩ ኮምቦልቻ ውስጥ የማላውቀው ሰው አለመኖሩ ነው። የዚህኛው ጋራዥ ባለቤት የእህቴ ባል ያክስት ልጅ ነው፤ የዚያኛው ዱቄት ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ከወንድሜ ጋር ኳስ ሲጫወት ያደገ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሜ «ይህ ታንከር ከዛሬ ጀምሮ አየር እንዳይገባበት» ብዬ ብጽፍ ማታ ቤቴ ሽማግሌ ይመጣል። ቀልድ አይደለም፤ መጥቶ ያውቃል። እናቴ ቡና አፍልታ ተቀበለቻቸው፤ እነሱም ስለ ታንከሩ አንድ ቃል ሳያነሱ ስለ ዝምድናችን ብቻ ሲያወሩ አምሽተው፣ መርቀው ሄዱ።

ስለዚህ ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ የፍተሻ ድርጅት ወደ ጅማ የሚሄድ ጊዜያዊ ሰው ሲፈልግ ዓይኔን አላሸሁም። ጓደኞቼ በርቀቱ ሳቁ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ተደማምሮ ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ለእኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው። ጅማ ውስጥ አክስት የለኝም፣ አብሮ አደግ የለኝም፣ ሚዜ የሆንኩለት ሰው የለም። ውሉ «ለተወሰነ ሥራ» የሚባለው ዓይነት ነው፦ አዲሱ ቡና ከመግባቱ በፊት የቡና ማበጠሪያ ፋብሪካዎቹን የአየር ታንከሮች መርምሮ ሪፖርት ማስረከብ። ሥራው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ደመወዙ ለስም ያህል ነው፤ የሚያኖረው አበሉ ነው።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ የሚወራ ነገር ቢኖር ጊቤ ነው። በእኛ አገር አውቶብስ «መስኮት ክፈት፣ መስኮት ዝጋ» የማያልቅ ጭቅጭቅ ነው። ወልቂጤ ታልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ግን ነፋስ መታኝ የሚሉት እናቶች ራሳቸው ተነሥተው ይከፍታሉ። ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ወደ ሰኮሩ ሲወጣ ደግሞ ማንም ሳያዝ ሁሉም በየተራ ይዘጋል። ከዚያ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ጅማ።

ጅማ ሲባል ቡና ነው። የቡና ማሽን ሲባል ደግሞ ሰው ቶሎ የሚታየው ጀንፈሉን የሚቀሽረው፣ አቧራ የሚያጨሰው ነው። እኔ የሄድኩት ጥግ ላይ ቆሞ ማንም ዞር ብሎ ለማያየው ነገር ነው። ዘመናዊ ማበጠሪያ ውስጥ ቡናውን በቀለም የሚለይ ማሽን አለ። ፍሬው በካሜራ ፊት እየዘነበ ሲወርድ ማሽኑ ጥቁሩንና የተበላሸውን ያያል፤ ወዲያው በቀጭን ቀዳዳ እፍ ብሎ ከሰልፉ ያስወጣዋል። ያ እፍታ የታመቀ አየር ነው። ኮምፕሬሰሩ ያምቀዋል፣ ታንከሩ ያጠራቅመዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ከ6 እስከ 8 ባር ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። 80 ሳንቲ ሜትር ወርድ ባለው ታንከር ክዳን ላይ 8 ባር ሲያርፍ ከ40 ቶን በላይ ኃይል ይገፋዋል። ከጎኑ የሚሠሩት ልጆች ምሳ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት ግን እሱ ላይ ነው፤ ሞቅ ስለሚል።

አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ የያዘው እንፋሎት ውኃ ይሆንና ወደ ታንከሩ ሆድ ይወርዳል። ጅማ ደግሞ እርጥብ አገር ናት። እኛ ጋ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይከፈታል፤ ጅማ መስከረም ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሳይዝ የወጣ ሰው ሞኝ ነው። ይህን አየር ቀኑን ሙሉ የሚውጥ ኮምፕሬሰር ማታ ላይ ታንከሩ ሥር ብዙ ውኃ ያስቀምጣል። ስለዚህ በየጠዋቱ ከሥር ያለችው ማፍሰሻ ተከፍታ ውኃው መውጣት አለበት። ካልወጣ ላሜራው ከውስጥ መበላት ይጀምራል። ከውጭ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ የአምራቹ ስም በነጭ ተጽፎበታል። ከውስጥ ያለውን የሚያይ ዓይን የለም።

እኔ የምይዘው መሣሪያ የሚያየው በድምፅ ነው። ድምፅ ብረት ውስጥ በሴኮንድ ወደ 5,900 ሜትር ይሮጣል። መሣሪያው ድምፁን ይልከዋል፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል፣ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ይጽፋል። መለኪያው ራስ ላሜራው ላይ ሲያርፍ ግን በመካከል አየር ከገባ ድምፁ አያልፍም፤ የሚቀባ ነገር ያስፈልጋል። ድርጅቱ የሰጠን ቅባት ቶሎ አለቀና የጅማው መርካቶ ወርጄ ከአንድ ፋርማሲ ግሊሰሪን ገዛሁ። ለዚህ ሥራ ግሊሰሪን ጥሩ ነው። ልጅቷ ካርቶን ሙሉ ስጠይቃት ፊቴንና እጄን አየች። «ቆዳህ ነው?» አለች። «የታንከር ነው» አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ያረፍኩት ጊንጆ ሠፈር፣ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ክፍል ነው። አከራዬን ገና «እንደምን አመሹ» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና «አንተ የወሎ ልጅ አይደለህም?» አሉ። እትዬ በ1977 ድርቅ ጊዜ ልጅ ሆነው ከአባታቸውና ከእህታቸው ጋር ከአምባሰል በሰፈራ ወደ ያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። ኦሮምኛውን እንደ ጅማ ሰው ያቀላጥፉታል። አማርኛቸው ግን እኔ ራሴ የረሳሁት የአያቴ አማርኛ ነው። ከዚያች ማታ ጀምሮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳልጠጣ የገባሁበት ቀን የለም። ኪራይ ከፋይ መሆኔ ቀረና የአገር ልጅ ሆንኩ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ፈራሁ። አመጣጤ ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

የብየዳ ስንጥቅ ስንፈልግ የምንረጨው ቀይ ፈሳሽ አለ። ብየዳው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ይረጫል፣ ለደቂቃዎች ይቆያል፣ ይወለወላል፤ ከዚያ ነጭ ይነፋበታል፣ ስንጥቅ ካለ ቀዩ ከውስጥ ወደ ነጩ ይወጣል። ጓንት ቢደረግም ጣት አያመልጥም፣ በሳሙናም አይለቅም። እትዬ ስኒ ሲያቀብሉኝ እጄን አይተው «ዘንድሮስ እንሶስላ የሞቀ ወንድ አየሁ» ብለው ጎረቤት ሁሉ ጠሩብኝ። እስክወጣ ድረስ በዚያ ሠፈር ስሜ ሙሽራው ነበር።

እሑድ እሑድ ሥራ የለም። አንድ ጊዜ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው፤ አስጎብኚው ስለ ንግሥናው ሲተርክ እኔ የእንጨቱን መጋጠሚያ ነበር የማየው። የሥራ ልማድ ክፉ ነው፤ ሆቴል ገብቼም ወንበሩን ገልብጬ ብየዳውን ካላየሁ አልቀመጥም። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፤ መጋጠሚያ የሌለው ነገር ላይ ምንም የምፈልገው የለኝም፣ ዝም ብዬ እቀመጥበታለሁ።

ወደ ታንከሩ ልመለስ። የማበጠሪያውን ስም አልጠቅስም፤ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚጠብቁት ሰው በዕድሜ ከአባቴ አያንሱም፤ ሁሉም ሰው «ኦቦ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ። «አካም ቡልቴ» የምትለዋን ሰላምታ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መሣሪያዬን ከሻንጣ ሳወጣ ቆመው አዩኝና፣ መዳፋቸውን ታንከሩ ላይ አሳርፈው ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው አወረዱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «እዚህ ድረስ ውኃ ነው» አሉ። እኔም እጄን አሳረፍኩ። ከላይ ይሞቃል፣ ከዚያች መስመር በታች ይቀዘቅዛል። የመስመሩ ከፍታ ያስደነግጣል፤ በየጠዋቱ የሚፈስ ታንከር ያን ያህል ውኃ አይዝም።

ጎንበስ ብዬ ማፍሰሻዋን ስፈልግ ቫልቩ የለም። ቦታው በቡሎን ተደፍኗል። «ታፈስ ነበር» አሉ ኦቦ። «አየር ስታባክን ጊዜ አዲስ እስኪገዛ ብለው ደፈኗት። አዲሱ አልተገዛም። እኔ ተናግሬያለሁ።» ለማን እንደተናገሩ አልጠየቅኋቸውም። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔ ነገርኩህ ብለህ እንዳትጽፍ» አሉኝ። የጡረታ ጊዜያቸው ቀርቧል።

ላሜራውን በጠመኔ አስምሬ ከላይ ጀመርኩ። ሲሠራ 6 ሚሊ ነበር። 5.9፣ 5.8፣ 5.8። ኦቦ በመዳፋቸው ያሳዩኝን መስመር ስሻገር 4.4 አለ። ቀጥሎ 3.7። ሆዱ ሥር 2.9። መለኪያውን በናሙናው ብረት ላይ አረጋግጬ እንደገና አስቀመጥኩት፤ ያው 2.9። ታንከሩ ላይ ባለው የአምራቹ ፕሌት የተመታው ከፍተኛ ግፊት 10 ባር ነው፤ ለዚህ ግፊትና ለዚህ ወርድ እኔ ያወጣሁት ዝቅተኛ ውፍረት 4.2 ሚሊ ነው። በዚህ ላይ የሚከራከር ነገር የለም፤ ታንከሩ ከዛሬ ይቁም።

ክርክሩ ግን መጣ፤ ያውም ሞኝ ክርክር አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ብረት ያውቃል። «ግፊቱን ወደ 6 ባር እናውርደው፤ በ6 ባር ያንተም ስሌት 2.9 ይበቃዋል ይላል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በወረቀት ይበቃል። ግን የእኔ መለኪያ የሚያየው ከሥሩ ያለችውን የሳንቲም ስፋት ያላትን ቦታ ብቻ ነው። ዝገት ደግሞ እኩል አይበላም፤ እዚህ ይቆፍራል፣ እዚያ ይተዋል። ከ2.9 በጣት ርቀት ላይ 2 ይኑር 1 ይኑር ለካሁ ብዬ አልምልም። ሌላም አለ። ግፊቱ ሲወርድ የቀለም መለያው እፍታ ይደክማል፣ ጥቁሩ ከደህናው ጋር ያልፋል፣ ገዢው ይጮኻል። ያኔ በሌሊት ፈረቃ አንዱ መፍቻ ይዞ መጥቶ ማስተካከያውን ያጠብቀዋል። 6 ባር ጽፈን 8 ባር ላይ እናድራለን።

በያጁ ደግሞ «ከውጭ ላሜራ እንለጥፍበት» አለ። እኔም በያጅ ነኝ፤ ምን እንዳሰበ ገብቶኛል። የሳሳ ላሜራ ላይ እሳት ስታሳርፍ ትበሳዋለህ፤ ባትበሳው እንኳ ቁስሉን ሸፈንከው እንጂ አላዳንከውም፤ ከውስጥ መበላቱን ይቀጥላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው መርማሪም ከላይ የተለጠፈውን ደህና ብረት ይለካና ደስ ብሎት ይሄዳል። አንዱ ወጣት «ታዲያ እስኪ አየር ሞልተን ከፍ አድርገን እንሞክረው፤ ከቻለ ቻለ» አለ። ይህን የሰማሁ ጊዜ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ሌላ ጊዜ አላደርገውም። እንዲህ ያለ ዕቃ በግፊት የሚፈተነው በውኃ ነው፤ ውኃ እምብዛም ስለማይታመቅ ብረቱ ቢቀደድ ፊጭ ብሎ ያቆማል። የታመቀ አየር ሲለቀቅ ግን ብረቱን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ «አንተ ነገ ትሄዳለህ፣ እኛ እዚህ ነን» አለ። ይህን ስድብ አድርገው የሚወስዱት መርማሪዎች አሉ። ለእኔ የሥራ ልምድ ማስረጃዬ ነው። እሄዳለሁ፤ ስለዚህ መጻፍ እችላለሁ። ኦቦ አይሄዱም፤ ስለዚህ የሚያውቁትን በጆሮዬ ነው የነገሩኝ።

ማታ ከአዲስ አበባ ተደወለ። አለቃዬ ነው። ደንበኛው ቀድሞ ደውሎለታል። «ቁጥሩን አትንካ፣ ቃሉን ግን ትንሽ አለስልሰው፤ ‹ክትትል ያስፈልገዋል› በል» አለኝ። የዚህ ሙያ ትልቁ ዝገት ይህ ነው እላለሁ። የሚፈተሸው ሰው ነው ለፈታሹ የሚከፍለው። እኔ የተቀጠርኩት ሥራው እስኪያልቅ ስለሆነ የሚያስፈራሩኝ በምንም አልነበረም፤ «እንዳለ ይሄዳል» አልኩና ዘጋሁ። ስለ ማፍሰሻው «በቡሎን ተደፍኖ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ የነገረኝ ሰው አያስፈልገውም።

እንግድነቴን ሊበላብኝ የመጣው ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው። በማግስቱ ማታ እትዬ ቡናውን ከወትሮው ቀደም ብለው አቀረቡ። ፈንድሻ አለ፣ ከወትሮው ወፍራም ዳቦ አለ፤ ጠረጠርኩ። በቶናው ላይ «የእህቴ ልጅ እዚያ ቤት ገንዘብ ያዥ እኮ ነው» አሉ። «አለቃው ልኮት ነው፤ አፍሮ አንቺ ንገሪው ብሎኝ... የአገርህ ልጅ ነው፣ እስኪ አታስቸግረው።» ኮምቦልቻ ያሉት ሽማግሌዎች 700 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የመጡ መሰለኝ።

ከእትዬ ጋር ስለ ሚሊ ሜትር ማውራት አይሆንም። «እትዬ፣ የገንዘብ ያዡ ክፍል የት ጋ እንደሆነ ያውቃሉ?» አልኳቸው። አያውቁም። ነገርኳቸው። የኮምፕሬሰሩ ክፍልና የገንዘብ ያዡ ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የተለያዩት፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ጠረጴዛው ግድግዳውን ተጠግቶ ነው የተቀመጠው፤ ታንከሩ ከጀርባው ነው። ስለ ኦቦም ነገርኳቸው፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ እንደሚቆሙ። እትዬ ስኒውን አስቀመጡ። በረካውን ሳይቀዱ ስልካቸውን አነሡና ደወሉ፤ ሰላምታም የለ፣ «አንተ፣ ጠረጴዛህን አንሣ» አሉት። እሱ ከወዲያ ምን እንዳለ አልሰማሁም። «ነገ ዛሬ አትበል፣ ጠዋት ልክ ስትገባ! ያን ሽማግሌም ከዚያ አርቃቸው፣ አለዚያ እኔ ራሴ እመጣለሁ» አሉና ዘጉት። ወደ እኔ ዞረው «አንተም ደህና አድርገህ ጻፍ» አሉኝ።

ጠዋት ስሄድ ጠረጴዛው በእርግጥም መጋዘኑ በር ሥር ወጥቶ ነበር፤ ገንዘብ ያዡ ከጆንያ ክምር አጠገብ ተቀምጦ ደረሰኝ ይጽፋል። አየኝና አቀረቀረ። ጠረጴዛው ከወጣ በኋላ ታንከሩ ደህና ነው ብሎ መከራከር ለሥራ አስኪያጁም ከበደው፤ ሠራተኛው ሁሉ ለምን እንደወጣ ይጠይቃል። በዚያው ሳምንት ታንከሩ ተነቀለ። በጋዝ ለሁለት ሲሰነጠቅ ኦቦ ቆመው አይተው ፎቶውን በልጃቸው ቴሌግራም ላኩልኝ፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጉድጓድ አለ። አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከጎረቤት ማበጠሪያ በኪራይ ሠሩ። አዲሱ ላይ ማፍሰሻዋ አለች፤ ቁልፉ ኦቦ ጋ ነው።

የቀሩት ማበጠሪያዎች ብዙ የሚወራ የላቸውም። አብዛኞቹ ደህና ናቸው፤ አንዱ ጋ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ በቀለም ተደፍኖ አገኘነው፣ አንዱ ጋ ጌጁ ታንከሩ ባዶ ሆኖም 3 ባር ያሳያል። መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ ሲመጣ ለካን። ቡና መግባት ሲጀምር ሪፖርቱን አስረክበን ወጣን።

የአበሌ ግማሹ አልተከፈለኝም። «ደንበኛው ገና አልፈረመም» ይሉኛል፤ የትኛው ደንበኛ እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። እትዬ የመጨረሻውን ወር ኪራይ ይዤ ስሄድ «ሲከፍሉህ ትልካለህ» ብለው መለሱልኝ። ሳይከፍሉኝም ኮምቦልቻ ከገባሁ በኋላ በቴሌብር ላክሁላቸው። ደውለው ተቆጡኝ፤ የገንዘብ ያዡ ሠርግ ለጥር እንደሆነም የነገሩኝ ያኔ ነው። ሚዜ ሁን ብለውኛል፤ አይሆንም ብያለሁ፤ ማበጠሪያው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይፈተሻል።